ከሴቶቹ ዶቅማ ወዲያ

እናቴ የልጇን መልክ እየረሳች መሆኗን ያወቅኩት በቅንድብ ጥያቄ ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ድንገት ቢላዋውን አስቀምጣ፣ የጥዑመ ልሳን ቅንድብ የተገጣጠመ ነበር ወይስ የተለያየ ብላ ጠየቀችኝ። የተገጣጠመ ነዋ አልኳት፣ ጥያቄው ራሱ የሚያሳፍር ይመስል ቆጣ ብዬ። እፎይ ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔ ግን ሥራ ቦታ ደርሼ ሳስበው እርግጠኛ አልነበርኩም። 

ጥዑመ ልሳን ታላቅ ወንድሜ ነው። ጣና ላይ ሴት ከማይገባባቸው ደሴቶች በአንዱ፣ ደብረ ማዕዶት ሚካኤል በሚባለው ገዳም፣ በዲቁና ያገለግል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ሐሙሲት ከተማ አንድ ነጋዴ ዘንድ ተገኘ ተብሎ እንዲያመጣ ተላከ። ሐሙሲት ሻይ ቤት ተቀምጦ ያዩት አሉ። ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ አውቶቡስ ሲሳፈር ያዩትም አሉ። ሲወርድ ያየው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ተኩስ ነበር፤ አውቶቡስም መንገድ ላይ እየቆመ ሰው በግድ ይወርድ ነበር። ያልጠየቅንበት ቢሮ፣ ያላየነው የሆስፒታል አልጋ የለም። ሁሉም ስሙን ይጽፉና እንደውላለን ይላሉ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ፤ የሚደውሉት ግን ፎቶኮፒ ስንት ነው የሚሉ ደንበኞች ናቸው።

ፎቶ የላችሁም ወይ ይለናል የሰማ ሁሉ። ነበረን። እሱ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰፈራችን ውስጥ የቤት ለቤት ፍተሻ ይመጣል ተባለ። ከእኛ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የምረቃ ፎቶ ምክንያት፣ ከጎንህ የቆመው ማነው ተብሎ አንድ ልጅ ተወስዷል። እናቴ ይህን እንደሰማች አልበሙን አወረደች። ጥዑመ ልሳን ያለበትን ሁሉ እየለየች ከሰሉ ላይ ጨመረችው። በእኔም ስልክ ላይ ያሉትን አጠገቤ ቆማ አንድ በአንድ አስጠፋችኝ። እሱ እንደ ሌላው ወጣት ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ልጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ የቀረ የለም። ልጇን ማዳኗ ነበር። ፍተሻው እኛ ቤት ሳይደርስ ቀረ።

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ አንስተውባታል። ልጁ ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ሳይደረግለት ስንት ጊዜ ይቆያል፣ አንድ ቀን መወሰንሽ አይቀርም ብለዋታል፣ በለሰለሰ ድምፅ። እሷ ግን ስሙን በጸሎት ከሕያዋን ጋር ማስጠራቷን አላቆመችም። መልኩን አንድ ጊዜ ሳላይ ልጄን ከሙታን አልቆጥርም አለቻቸው። ሬሳም ቢሆን፣ ምንም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ፊቱን ማየት። ከዚህ ሌላ ከእግዚአብሔር የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም። እኔ ብዙ ነገር ነበር የምጠይቀው፤ የእሷን ያህል ትንሽ ልመና ግን ይሰማል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ሰላህ የጥዑመ ልሳን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ቤተሰቦቹ ከወረታ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ ዘይነት ክርና ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እሱ ደግሞ ግሽ አባይ ሰፈር ከፎቶኮፒ ቤቴ አጠገብ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ጠዋት ጠዋት መጥቶ በቀልድ ሳይነጅሰኝ ሱቁን አይከፍትም። አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ በሩ ላይ ቆመ።

«ጽጌ፣ ጥዑሜን አየሁት» አለኝ።

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ። እሱም ምን እንዳደረገኝ ሲያይ ደነገጠና፣ በኢንተርኔት ነው፣ በኢንተርኔት ነው እያለ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግርግሩ ከመጀመሩ በፊት ከውጭ የመጡ ሰዎች በሁሉም በኩል ዓይን ያለው ካሜራ በዘንግ አቁመው ገዳሙን ከነግቢው አንስተውት ኖሯል። አሁን ቨርቹዋል ጉብኝት ብለው አውጥተውታል። መሬቱ ላይ ያለውን ቀስት ስትነኪው ወደፊት ትሄጃለሽ፣ ስታዞሪው ዙሪያውን ታያለሽ። አንድ ደንበኛ ሊንኩን ልኮለት በስልኩ ሲጎበኝ፣ ከድንጋይ ደወሉ አጠገብ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ወጣት ቆሟል። የግራ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል።

ሹራቡን እናቴ ናት የሠራችው፣ ከወይዘሮ ዘይነት በገዛችው ክር። የግራውን እጅጌ ስታስረዝመው እኔ ስስቅ፣ እሱ ደግሞ ብርድ ሲሆን ጓንት ይሆነኛል ብሎ እንደዚያው ወሰደው። በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም።

ፊቱስ አልኩት። ፊቱ አልመጣለትም። ኔቱ ደካማ ስለሆነ ደብዝዞ ቀረ፣ ከዚያም ካርዱ አለቀበት። «ጥሩ ኔት ካለ ኢንሻአላህ ይጠራል» አለ። እኔም አመንኩት። እኛ ከተማ ውስጥ የማይደበዝዝ ምን አለ? ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ኖረን፣ ሲመጣም እያነከሰ ነው የመጣው። ውጭ አገር ያለች አክስታችን ስትደውል ፊቷ ጭጋግ ሆኖ ይቆይና፣ ስንጠብቅ ስንጠብቅ ዓይኗ ይመጣል፣ ከዚያ ጥርሷ። መጠበቅ ለእኛ ሙያችን ነው።

ለእናቴ ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «ሴት አይገባም እኮ» አለች።

ተናደድኩ። ላፕቶፕ እኮ ነው እማዬ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የምታይው ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን ነገሩን ከእኔ በተለየ መንገድ ነው የምታየው። ጥዑመ ልሳን ገዳም ከገባ ጀምሮ በየወሩ በሚካኤል ቀን በጀልባ እየሄደች በሶና ቆሎ ታደርስለት ነበር። ከጀልባው ማረፊያ ከፍ ብሎ አንድ የዶቅማ ዛፍ አለ፣ የሴቶቹ ዶቅማ ይባላል፤ ሴት ከዚያ ወዲያ አታልፍም። ከዛፉ ሥር ትቀመጣለች፣ እሱ ይወርድላታል፣ ያወራሉ፣ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ነፋስ ነጠላዋን ወስዶ ከዛፉ ወዲያ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ጣለባት። እጇን ዘርግታ ልታነሳው ስትችል፣ አንድ መነኩሴ እስኪያልፉና እስኪያቀብሏት ድረስ ራሷን በእጇ ሸፍና ተቀመጠች። እንዲህ ያለችን ሴት ላፕቶፕ ነው ብዬ ላሳምናት አልችልም።

አባ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄድን። ነገሩን እስኪረዱት ድረስ ሰላህ በስልኩ ሌላ አገር ያለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሳያቸው። ስልኩን ግራና ቀኝ እያዞሩ እንደ ልጅ ተገረሙ። ከዚያም መልሰው ሰጡትና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ገዳሙ የከለከለው እግርሽን ነው» አሏት። «ስለዚህ ዓይነቱ ነገር አባቶች የተናገሩትን አላውቅም። ልጇን የምትፈልግ እናትን ግን አልገዝትም። ጾመሽ እይ። መቅደሱን ካሳየሽ ፊትሽን አዙሪ።»

ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ ሰላህ የሚያውቀው አስተናጋጅ አለ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሆቴሉ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ተነባብረዋል፣ አበቦቹ ብቻ ውኃ ይጠጣሉ። ዋይፋዩ ግን ተጠቃሚ ስለሌለው ፈጣን ነው። እናቴ ምንም ሳትቀምስ፣ ገላዋን ታጥባ፣ እንደ ቆራቢ ነጭ ለብሳ መጣች። ከሣሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። እኔም አወለቅኩ። ሰላህ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከከፈተ በኋላ እኛን አየና፣ ማንም ሳይጠይቀው የእሱን አውልቆ ከእኛ ጫማ ጎን አስቀመጠ።

ደሴቱ ከተቀመጥንበት ይታያል። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ካደረገው የእምቦጭ አረም ባሻገር፣ ውኃው ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጉብታ ነው። ጀልባ ወደዚያ መሄድ ካቆመ ቆይቷል።

ጉብኝቱ ከማረፊያው ጀመረ። ከላፕቶፑ ውስጥ አንዲት ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ ወደ ታሪካዊው ገዳም እንኳን ደህና መጣችሁ አለች።

«ይችን ደግሞ ማን አስገባት?» አለች እናቴ።

ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሰላህ ድምፁን አጠፋው። ዶቅማው መጣ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ፣ እሷ የምትቀመጥበት፣ ተወልውሎ እንደተቀመጠ። እናቴ ጣቷን ወደ ድንጋዩ ዘርግታ ሳትነካው መለሰች። ቀስቱ ከዛፉ ወዲያ ያመለክታል። «እትዬ፣ ልንካው?» አላት ሰላህ። አማተበችና ራሷን ነቀነቀች።

ሽቅብ ወጣን። መንገዱ በቡና ተክል መሃል ነው። የመነኮሳቱ ጎጆዎች፣ የውኃ ጋን፣ በር ላይ የተሰጣ እህል። እናቴ ሁሉም ጋ አቁም ትለዋለች። ይህ ነው ማደሪያው? እዚህ ነው ውኃ የሚቀዳ? ማናችንም አናውቅም። ጎጆዎቹን አንድ በአንድ ስታይ፣ የልጇ የትኛው እንደሆነ ሰው መርጦ እንዲነግራት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። አሳዘነችኝ፤ አሳዘነችኝና ደግሞ አበሳጨችኝ፣ ምክንያቱም እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር።

ከዚያ ደወሉ ጋ ደረስን። ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች በጠፍር ተንጠልጥለዋል። አጠገባቸው አረንጓዴው ሹራብ ቆሟል። ትክክል፣ እጅጌው ረዝሞ። ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እኛ ያያል፣ ፊት ግን የለም፤ ከሹራቡ አንገት በላይ ቡናማ ጭጋግ ነው።

«ልጄ» አለች እናቴ። «ጥዑሜ።»

«ይጠራል» አለ ሰላህ። ጠበቅን። ዳርና ዳሩ ያሉት ቅጠሎች ጠርተዋል፤ የሹራቡ ክር እንኳ ይቆጠራል። ፊቱ አልመጣም። ሰላህ ገጹን ዘግቶ ከፈተው። እንደገና ከዶቅማው ወጣን፣ እንደገና ደረስን፣ እንደገና ጭጋግ። እስኪመጣ ድረስ ቤተ ክርስቲያኑን እናሳይዎት አላት፣ እኔም ተስማማሁ፤ ኔት አንዳንዴ ዞር ሲሉለት ነው የሚመጣው።

ውስጡ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እናቴ የመቅደሱ በር ላይ ስንደርስ ፊቷን አዙራ፣ እለፉት አለች። አለፍነው። ሥዕሎቹን ግን ቀና ብላ አየች፣ አየችና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

ቅዱስ ሚካኤል ፊት የለውም። ክንፉ አለ፣ ሰይፉ አለ፣ ፊቱ ጭጋግ ነው። እመቤታችን ፊት የላትም፤ የያዘችው ሕፃንም። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ፊት የለውም። ከሥር ሄሮድስ ሕፃናቱን የሚያስፈጅበት ሥዕል አለ። ልጆቻቸውን ያቀፉት እናቶች ሁሉ ደብዝዘዋል። ወታደሮቹ ግን አልደበዘዙም። ጎራዴ የያዙት፣ በጎን የተሣሉት፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ዓይን፣ አፍንጫቸው፣ ጢማቸው፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ይሁዳም ይታያል። ዲያብሎስም ጥርሱ ሳይቀር ይታያል።

«ኔቱ ለእነዚህ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣ?» አለች እናቴ።

ሰላህ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ለምን በጎን እንደተሣሉ ጠየቃት። ጻድቅ በሁለት ዓይን ነው የሚሣል፣ ኃጥእ በአንድ አለችው፤ ለእሷ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ሰላህ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተደገፈ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ክፉ ነገር እንደሚናገር ከአፉ በፊት አወቅኩ።

«ኔቱ አይደለም፣ እትዬ» አለ። ይህን ነገር የሚያወጡ ሰዎች፣ ፎቶው ውስጥ የገባ ሰው እንዳይታወቅ፣ ፊቱን በማሽን ይሸፍኑታል። የከተማ መንገድ ፎቶ ላይ አይቶ ያውቃል፣ ገዳም ውስጥ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ማሽኑ ደግሞ ሥዕልና ሰው አይለይም፤ ሁለት ዓይን ያለው ፊት ካገኘ ይሸፍናል። በጎን ያለውን ግን ፊት መሆኑን አያውቅም፣ ያልፈዋል።

«እንዳይታወቅ?» አለች። «ማን እንዳያውቀው?»

«ሰው።»

«እኔ?»

ሰላህ መሬት መሬት ያያል። ላጽናናው ፈልጌ ነበር፤ ንዴቴ ግን አላስቻለኝም። በማን እንደምናደድ አላወቅኩም። ሰዎቹ ለሰው ክብር ብለው ነው ያደረጉት፤ እናቴም አልበሙን ለልጇ ብላ ነው ያቃጠለችው። ሁሉም ለእሱ አስቦለት፣ ለእኛ ፊቱ አልተረፈልንም።

ላፕቶፑን ከሰላህ ወሰድኩና ወደ ውጭ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀስቱን በንዴት እየነካሁ ደወሉን አልፌ ሄድኩ። ሰላህ ካርዱ ያለቀበት ከዚያ በፊት ስለነበር ይህን ክፍል አላየውም። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ወደ ኋላ አዞርኩት።

ወጣቱ ከዚህ በኩል በጎን ነው የሚታየው። ዞሮ ደወሉን ሊመታ ድንጋይ አንስቷል። ማሽኑ አልፎታል። ፊቱ እንደ ወታደሮቹ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ መብቀል የጀመረ ጢም።

ወንድሜ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። አይደለም ልልም ፈለግኩ፤ እሱም አልወጣልኝም። ከዚህ ጋር የማስተያየው ፊት በውስጤ አልነበረም። አፍንጫውን ሳይ የእሱ ይመስለኛል፣ ጆሮውን ሳይ ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ሰላህን አየሁት፤ እሱ ደግሞ ሐይቁን ያያል። «እኔም በሹራቡ ነው ያወቅሁት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ፊቷ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ አየች። ነፋስ ነጠላዋን ሲወስደው አልያዘችውም። ብዙ ቆየች፤ አስተናጋጁ ሻይ ላምጣ ብሎ መጥቶ፣ አይቶን ተመለሰ።

«ሹራቡ የእኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሹራቡን አወቅሁት። ልጁን ግን አላወቅሁትም።»

ገዳም ውስጥ የእኔ የሚባል ልብስ የለም፣ በረደኝ ላለው ሰጥቶት ይሆናል አልኳት። ያ ከሆነ ይህ ሌላ ዲያቆን ነው፣ የእኛ ልጅ አይደለም፤ ስለዚህ አላወቅሁትም ማለትሽ ልክ ነው አልኳት። ላጽናናት ነበር። ሰላህም አዎ፣ አዎ እያለ አገዘኝ።

«እሱም ሊሆን ይችላል» አለች። «ለይቼ ያላወቅሁት ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች። ላፕቶፑን ዝጉት አላለችንም፤ ጀርባዋን ብቻ ሰጠችው። ቤት ስንደርስ እንደ ወትሮዋ ራት ሠራች። ቅንድብ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህም ጠይቃኝ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት አብረን አባ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄድን። ቅዳሴው ወጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ሰው እየተበተነ ነበር። አባ ገና ሲያዩዋት፣ አየሽው ወይ አሏት።

«ሹራቡን አየሁት፣ አባ። ልጄን ግን ባየውም የማላውቀው ሆኛለሁ። እንግዲህ ይፍቱት።»

አባ አላጽናኗትም። መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ የክርስትና ስሙን ጠየቋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሕያዋን ጋር ሲጠሩት የኖሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ግን ሥርዓት ነውና ጠየቁ።

«ገብረ ሚካኤል» አለች፣ ቶሎ ብላ።

ሌላ ምንም አልጠየቋትም። ቅንድቡን፣ ቁመቱን፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ በየቢሮው ስንጠየቅ የኖርነውን አንዱንም አልጠየቁም። ፍትሐቱ ያለ ሬሳ፣ ያለ ፎቶ ተደረገ። ሰላህና እናቱ ወይዘሮ ዘይነት ውጭ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ለብሳለች፤ ሐይቁ ዳርም አትሄድም። እኔ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ኔት ያለ ቀን፣ ሊንኩን እከፍተዋለሁ። በዶቅማው አልፌ፣ በቡናው መሃል ወጥቼ፣ ደወሉ ጋ እቆማለሁ። በጎን ወደሚታይበት አልሄድም። ፊት ለፊት እቆምና ጭጋጉ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። እንደማይጠራ አውቃለሁ። ደንበኛ መጥቶ እስኪጠራኝ ድረስ እጠብቃለሁ።